የአንበሳ የባሕር ዘመድ

አንድ ጊዜ፣ ባሕር ዛሬ ካላት ጨው ግማሹ እንኳ ሳይጨመርባት፣ በአንድ ሙቅ የባሕር ዳርቻ አያ አንበሳ ነግሦ ይኖር ነበር። እልፍኙ ከባሕሩ አፍ ላይ የተቀመጠ ዋሻ ነው። ከዋሻው ፊት ለፊት፣ ውሃው ውስጥ፣ የመርጃን ግንብ ቆሟል። መርጃን ሲባል አንገት ላይ የሚታሰረው ቀይ ዶቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ይህኛው ነፍስ ያለው፣ እያደገ የሚሄድ፣ እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ የሚያወጣ፣ ቀይም ቢጫም ወይን ጠጅም የሆነ ዐለት ነው። ማዕበል ከሩቅ አገር እየደነፋ ይመጣና ግንባሩን ከዚህ ግንብ ጋር አጋጭቶ፣ «ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» ብሎ ይመለሳል። ግንቡ ባይኖር ዳርቻውም፣ ዋሻውም፣ ዙፋኑም የሉም።

የዓሣውስ ብዛት! ዝናብ ሲዘንብ ጠብታዋ ውሃ የምትነካበት ክፍት ቦታ አጥታ ዓሣ ጀርባ ላይ ቁጭ ብላ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ዓሦቹ አንድ ላይ ካዛጉ ባሕሩ ይጎድላል፤ አንድ ላይ ካስነጠሱ የማዶው አገር ይጥለቀለቃል። ያላመነ የማዶውን አገር ይጠይቅ።

ከሁሉም ዓሣ የተከበሩት በቀቀን ዓሦች ነበሩ። አፋቸው እንደ በቀቀን ምንቃር ነው። በዚያ ምንቃር መርጃኑ ላይ የሚበቅለውን የባሕር ሙጃ ሲግጡ ይውላሉ። ገበሬ ያላረመውን ጤፍ አረም እንደሚውጠው ሁሉ፣ በቀቀን ዓሣ ያልጋጠውንም መርጃን ሙጃ ይውጠዋል፤ አፍኖም ይገድለዋል።

ይህን ያወቀችው እመት ኤሊ ናት። እመት ኤሊ የባሕር ሊቅ ነበረች። ያልዋኘችበት ባሕር፣ አንገቷን ያላስገባችበት ጉድጓድ፣ ያላየችው የዓሣ ጉሮሮ የለም። ስለ ባሕር አንድ ጥያቄ የጠየቃት ሰው መልሱን ሰምቶ የሚጨርሰው የልጅ ልጅ አይቶ ነው። አዲስ ነገር ስታይ ደግሞ ደስታዋ አያድርስ ነው! በጀርባዋ ተገልብጣ እግሮቿን ታወራጫለች፤ ከዚያ መልሶ የሚገለብጣት ሰው ይፈለጋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጨው የምትጭን መርከብ መጣች። ባዶዋን የምትሄድ መርከብ ማዕበል እንዳይገለብጣት ሆዷን በባሕር ውሃ ሞልታ ትጓዛለች፤ ጭነት ስታገኝ ውሃውን ትደፋዋለች። ይህችም ከሌላ ባሕር የቀዳችውን ውሃ እዚህ ዘረገፈችው። ከውሃው ጋር አንድ ዓሣ ከነሚስቱ ተዘረገፈ።

መጀመሪያ ያየው አያ ጅቦ ነው። አያ ጅቦ ማዕበል የሚተፋውን የሞተ ዓሣ እየለቀመ የሚኖር የዳርቻው ጽዳት ሠራተኛ ነበር። ዓሣውን ሲያይ ጭራውን ቆልፎ ወደ ዋሻው በረረ።

«ጃንሆይ! ጃንሆይ! እርስዎ ውሃ ውስጥ ገብተዋል!»

«እኔ እዚህ ነኝ፣ አንተ ጅል» አለ አንበሳ።

«እሱን አላውቅም። እዚያም ነዎት።»

አንበሳ እያጉረመረመ ወረደ። አማካሪው እመት ቀበሮ ከኋላው ተከተለች። ውሃው ላይ ጎንበስ ቢል፣ ቀይና ነጭ ጥለት የለበሰ፣ ክንፉን እንደ ድባብ የዘረጋ ዓሣ ቆሞ ያየዋል። ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ረጃጅም እሾህ ተተክሎበታል። እሾሁ ከውሃው ጋር ሲወዛወዝ ጋማ ነው፤ ለዙፋን የተበጠረ ጋማ!

አንበሳ የራሱን ጋማ ዳሰሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አያቴ አንድ ወንድም ነበራቸው፤ ወንዝ ሊሻገሩ ገብተው የቀሩ። ሞቱ ብለን አልቅሰን ነበር። አልሞቱም! ይኸው የልጅ ልጃቸው!»

«ቁርጥ እርስዎን!» አለች ቀበሮ ወዲያው። «ግንባሩ እርስዎ፣ ቁጣው እርስዎ። ጥርሱ ብቻ ነው የጎደለው፣ እሱም በስደት ነው።»

ዓሣው በጨዋ ደንብ ክንፉን ሰብሰብ አድርጎ፣ «እንደምን ዋላችሁ። ለጥቂት ጊዜ ነው የመጣነው፤ አናስቸግራችሁም» አለ።

በዚህ መሀል እመት ኤሊ ከጥልቁ ብቅ አለች። ዓሣውን ስታይ በደስታ ተገለበጠች። አያ ጅቦ ቀና አደረጋት።

«አውቀዋለሁ! አገሩ ድረስ ሄጄ አይቼዋለሁ! ጃንሆይ፣ ይህ ዓሣ በአገሩ እጅግ የተከበረ ጨዋ ነው። ለምን? ትልልቅ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ስለሚጠብቁት ነዋ! ትንንሾቹም ያውቁታል፤ ሲያዩት ዘወር ይላሉ። እዚህ ግን ማን ያውቀዋል? የሚበላውስ ማን አለ? እባክዎ፣ ምን እንደሚበላ እስካጠና ድረስ በዚያች በተከለለችው ኩሬ ይቆይልኝ።»

«ይገርማል!» አለች ቀበሮ። «እርስዎስ እትብትዎ የተቀበረው እዚህ ነው እንዴ? መጤ መጤን ሲያሳድድ!»

«እኔም ከሩቅ ነው የመጣሁት» አለች ኤሊ። «መምጣቱ አይደለም ያሳሰበኝ። ሆዱ ነው።»

አንበሳ በእግሩ መሬቱን ደለቀ።

«እንግዳን ምን ትበላለህ ብሎ መጠየቅ? በኔ ቤት? እናቴ ከመቃብር ትነሣብኛለች! እንግዳ ይጉረስ፣ እንቢ ካለም ይለመን ነው ደንቡ።» ከዚያ ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ፣ «ዘመዴ፣ ይህ ግንብ ጉልትህ ነው። ደግሞ እንዳታፍር። በሞቴ፣ ጠግበህ ብላ! በሞቴ!» አለው።

ዓሣው፣ «እሺ» አለ። ጨዋ አይደል? በሞቴ ተብሎ እንቢ አይልም።

በላም። አበላሉ ቀላል ነው፤ ክንፉን ይዘረጋና ቀስ ብሎ ይጠጋል። እንዲህ ያለ ነገር አይተው የማያውቁት ትንንሽ ዓሦች፣ «ምን ያለ ደግ ጥላ መጣልን!» ብለው ከሥሩ ይገባሉ። እልም! እናቶቻቸው «ልጆቼን አይታችኋል?» እያሉ ሲፈልጉ እነሱም ጥላው ያምራቸዋል። እልም!

ሚስቱ ደግሞ ወለደች። ልጆቿም ወለዱ። የልጆቿ ልጆች ገና እንቁላል ውስጥ ሆነው ይታጩ ነበር ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ባሕሩ ከሩቅ ሲታይ ባለ ቀይ ጥለት ጋቢ መሰለ። ዓሣ የሚሰለፍበት ባሕር ጭር አለ። የሚያርመው ያጣ መርጃን ሙጃ ወረሰው፤ ያ ቀይና ቢጫው ግንብ የተረሳ መቃብር መሰለ። እዚህም እዚያም ይፈረካከስ ጀመር። ማዕበል የሚተፋው የሞተ ዓሣ ስለጠፋ የአያ ጅቦ ሆድ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ፣ ከፊት ለፊት ሲያዩት የለም፤ ከጎን ሲያዩት ብቻ ነው ያለው።

ማዕበሉም አንድ ማለዳ ሳያንኳኳ ገባ። አያ አንበሳ ከነፍራሹ ተንሳፍፎ በሩ ላይ ነቃ።

«ማነው ውሃ የደፋብኝ?» ብሎ ሲያገሣ እመት ኤሊ ደረሰች። ከጥጋብ ብዛት የፈነዳ አንድ ባለጋማ ዓሣ በአፏ ይዛለች። እንስሳቱ በተሰበሰቡበት ሆዱን ዘረገፈችው።

«ይመልከቱ ጃንሆይ! የበቀቀን ዓሣ ግልገል። ይህችም የበቀቀን ዓሣ ግልገል። ይህ ያልታወቀ ጭራ፣ ይህ ደግሞ የሱው የገዛ ወንድሙ ልጅ! የቀሩት በቀቀን ዓሦች ከግንቡ ሥር አንዲት ስንጥቅ ውስጥ የተሸሸጉት ብቻ ናቸው። እነሱ ካለቁ ሙጃውን የሚግጥ የለም። ግንቡ ይሞታል። ግንቡ ከሞተ ማዕበሉ ዛሬ ፍራሽዎን እንዳነሣ፣ ነገ ዋሻዎን ከነዙፋኑ አንሥቶ ይሄዳል!»

አንበሳን ጭንቅ ያዘው። ዘመድ ነው፤ እሱ ራሱ ነው በሞቴ ያለው። ቀበሮ ግን የንጉሥን ጭንቀት እንደ ቅቤ የምታሸት ናት።

«ጃንሆይ፣ ዘመድም ቢሆን ሲያምፅ ይዘመትበታል፤ ነውር የለውም። አዋጅ ይነገር። ባለጋማውን ገድሎ ጭራውን ለግዳይ የጣለ ሁሉ፣ በግብር ቀን ከተቀመጠበት መደብ አንድ ወደ ዙፋኑ ይጠጋ።»

«ጭራ?» አለች ኤሊ። «እኔ እኮ ዓሣው እንዲቀንስ ነው የፈለግሁት።»

«ጭራው እዚህ ከመጣ ዓሣው እዚያ ቀነሰ ማለት አይደል? ሊቅ ሆነው ይህችን አጧት?»

እመት ኤሊ አሰበች፤ ልክ መሰላት፤ ራሷን ነቀነቀች። አዋጅ ነጋሪዋ አህያም ዳርቻው ላይ ቆማ፣ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!» ብላ አናፋች። ድምፅዋ መርከብ ከመንገድ አስወጣ።

ዘመቻው እንዴት ደመቀ! ነብሩ ዘለለ፣ ከርከሮው ጠለቀ፣ ጦጣዋ ከገደል ላይ ተወረወረች። እሾሁ ግን መርዝ ነበረው። አያ ጅቦ የመጀመሪያውን ዓሣ በአፍንጫው ሊያሸት ሲል ተወጋና አፍንጫው ቅል አከለ። ሲያስነጥስ ራሱን ወደ ኋላ እየገፋ ኮረብታ ላይ ወጣ። አንድ በአንድ ሁሉም እጁን እየላሰ ወደ ቤቱ ገባ። ጭራ ማምጣቱን ያላቋረጠችው ቀበሮ ብቻ ነበረች።

እሷ ብልሃት አግኝታለች። «ዓሣው ካለቀ ጭራ ያልቃል፤ ጭራ ካለቀ እኔ እዚሁ መካከለኛው መደብ ላይ እቀራለሁ» ብላ አሰበች። ከድንጋይ ጀርባ፣ ማንም በማያይበት፣ የባሕር ውሃ የሚገባበት ኩሬ አያ ጅቦን አስቆፈረችው።

«ምን ልታደርጊበት ነው?» አላት እየቆፈረ።

«ክፉዎቹን የማስርበት ወህኒ ቤት ነው። አንተ ዘበኛ ነህ። እኔ ከጃንሆይ ቀኝ ስቀመጥ የጎድን አጥንቱን ከነሥጋው እጥልልሃለሁ።»

«እስከዚያ ከምታስሪያቸው ዓሦች አንዷን ብቀምስስ?»

«ዋ! ይህ ዓሣ ከአፉ እስከ ጭራው መርዝ ነው። የነካው አፍንጫህን እንዲህ ካደረገው፣ የገባው ሆድህን ምን ያደርገዋል? አጥንትህ ቀልጦ በጆሮህ ነው የሚወጣው!»

አያ ጅቦ አፍንጫውን ዳስሶ አመነ።

እመት ቀበሮ ጥቂት ባለጋማ ዓሦች ከባሕር አምጥታ ኩሬው ውስጥ ጨመረች። የወለዱትን እየመነጠረች፣ ግብር በመጣ ቁጥር ጭራ አንጠልጥላ ትገባለች። በአዳራሹ መሀል ጣል ታደርግና ጭራዋን እንደ ጎፈር ነስንሳ ትፎክራለች፤

«ዘራፍ! እኔ እመት ቀበሮ፣ ባሕር የምገለብጥ፣
ባለጋማውን ዓሣ እንደ ሽንኩርት የምልጥ!»

እልልታው ይቀልጣል። አንድ መደብ ትጠጋለች። ደግሞ ሌላ መደብ። በመጨረሻ ከጃንሆይ ቀኝ ያለችው ወንበር ብቻ ቀረቻት። እሷንም በታላቁ ግብር ዕለት ልትይዛት ጭራ በአህያ ጭነት አስጭና እንደምትመጣ አስወራች።

እመት ኤሊ ግን እንቅልፍ አጣች። ጭራው ክምር ነው፤ ባሕሩ ውስጥ ግን ጥለቱ አልሳሳም። ይባስ ብሎ በስንጥቋ ውስጥ የተሸሸጉት በቀቀን ዓሦች እየጎደሉ ሄደዋል። አንድ ጠዋት አዳራሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ገባችና የተጣሉትን ጭራዎች እያገላበጠች አየች። አሸተተች። ነከስ አደረገች።

ከዚያ በደስታ ተገለበጠች!

«የሰቡ ናቸው! በባሕሩ ያሉት የሚበሉትን ጨርሰው ከስተዋል፤ ጭራቸውም እርስ በርስ ሲነካከሱ ተቀዳዷል። እነዚህ ግን እንደ ፋሲካ ሙክት የሞሉ፣ ጫፋቸው ያልተነካ! እነዚህ ከባሕር አልመጡም፤ የተቀለቡ ናቸው!»

ደስታዋ ወዲያው ወደ ንዴት ተለወጠ፤ ግን ቀና የሚያደርጋት አልነበረምና በጀርባዋ ሆና ነው የተናደደችው። አህያ ደርሳ በአፍንጫዋ ገልብጣት ነጻ ወጣች። እመት ኤሊም ዳር ዳሩን ስትዳክር ከድንጋይ ጀርባ የልቅሶ ድምፅ ሰማች።

አያ ጅቦ ነው። ኩሬው አፋፍ ላይ ተንበርክኮ ያለቅሳል። እንባው ወደ ኩሬው ይወርዳል፤ ለሀጩ ግን ከእንባው ይበልጥ ነበር።

«ምነው አያ ጅቦ? ማን ሞተብህ?»

«እኔው ነኝ የምሞተው፣ እመት ኤሊ። ይዩዋቸው እስቲ! ይህን ሽንጥ ይዩት! ይህን ቂጥ ይዩት! ቀኑን ሙሉ ፊቴ ላይ ይንጎራደዳሉ። አልበላቸው፣ መርዝ ናቸው። አልተዋቸው፣ ዘበኛ ነኝ።»

«ምን ይቀለባሉ?»

«ጌታ ይባርካት፣ እመት ቀበሮ አትሰስትባቸውም። በየማለዳው ከግንቡ ሥር ካለችው ስንጥቅ ምንቃር ያላቸውን ትንንሽ ዓሦች እያጠመደች ትወረውርላቸዋለች። ዛሬ ግን ጥቂት ናቸው የቀሩት ብላ ተበሳጭታ ነበር። ለነገው ታላቅ ግብር የቀሩትን ጠራርጌ አወጣለሁ ብላለች።»

እመት ኤሊ ራሷ ዞረ። በቀቀን ዓሦቹ ነገ ሊያልቁ ነው! ወደ አንበሳ ብትሮጥ የኤሊ ሩጫ ነው፤ ብትደርስም ቀበሮ በምላሷ ትቀድማታለች። ኩሬውን አየች። አያ ጅቦን አየች። የአያ ጅቦን ጥርስ አየች።

«አያ ጅቦ፣ መርዙ እኮ እሾሁ ላይ ነው። ሥጋው ላይ የለም። በአገሩ ትልልቅ ዓሦች ሲውጡት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ጅብ ሲውጠው አይተዋል?»

እመት ኤሊ ሊቅ ናት፤ ሊቅ ያላየውን አየሁ አይልም።

«ጅብ አላየሁም።»

«ብሞትስ?»

«ትሞታለህ እንግዲህ።»

«እንዴ! ትንሽ እንኳ አያባብሉኝም?»

«ካላየሁት ምን ብዬ ልማልልህ? ያየሁትን ግን ልንገርህ፤ እነዚያ ትንንሽ ዓሦች ካለቁ ግንቡ ይሞታል፣ ዳርቻው ይሞታል፣ አንተም በረሀብ ትሞታለህ። ይህን ተጠራጥሬ አላውቅም።»

አያ ጅቦ አሰበ። በሕይወቱ ያሰበው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲያስብ ጆሮው ጭስ አወጣ።

«እንግዲያው በባዶ ሆድ ከምሞት ጠግቤ ልሙት» አለ።

እመት ኤሊ አንዱን ዓሣ ያዘችና በስለታም አፏ የጀርባውን እሾህ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አድርጋ ቆረጠችው። የሆዱንም ቆረጠችው። ሰጠችው። አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አደራ፣ ሙሾውን አህያ እንዳታወጣብኝ» ብሎ ዋጠ።

ሁለቱም ጠበቁ። አጥንቱ አልቀለጠም። በጆሮው የወጣ ነገር የለም። ሆዱ ብቻ «ጉር» አለ።

አያ ጅቦ አንድ ዓይኑን ከፈተ።

«እመት ኤሊ።»

«አቤት።»

«በደንብ አልሞትኩም መሰለኝ። አንድ ልድገም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ምላስ ያጥራል። እመት ኤሊ ቀጭ ታደርጋለች፣ አያ ጅቦ ዋጥ ያደርጋል፤ ቀጭ፣ ዋጥ፤ ቀጭ፣ ዋጥ! ከነጭራው፣ ከነራሱ፣ ከነእንቁላሉ! ኩሬው ደረቀ፤ ውሃውንም ጠጣበትና። በመጨረሻ አያ ጅቦ በጎን ሲያዩትም በፊት ሲያዩትም ያው ክብ ሆነ። በእግሩ መሄድ አልቻለም፤ ተንከባሎ ነው ወደ ግብር የሄደው።

እመት ቀበሮ በማግሥቱ ማለዳ ጭራ ልትሰበስብ፣ ለኩሬውም ቀለብ ልታጠምድ ስትመጣ የጠበቃት ደረቅ ጭቃ ነበር። ጊዜ የለም፤ ነጋሪት ተጎስሟል። ባዶ እጇን ወደ አዳራሹ ገባች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ማዕበሉ ከውጭ ዋሻውን በጥፊ ይመታል፤ በተመታ ቁጥር ከጣሪያው አፈር ይረግፋል። አያ አንበሳ የቀኙን ወንበር እየጠቆመ፣ «ግዳይሽን ጣይ፣ እመት ቀበሮ!» አላት።

«ጃንሆይ... ግዳዩ... ተሰረቀ!»

«ማን ሰረቀው?»

ከበሩ አንድ ክብ ነገር ተንከባሎ ገባና መሀል አዳራሽ ላይ ቆመ። ግሳቱንም ለቀቀው!

«እኔ በላሁት» አለ አያ ጅቦ።

«ምኑን?»

«ዓሣውን ነዋ። እመት ቀበሮ ኩሬ ውስጥ ስትቀልበው የነበረውን በሙሉ። ወንጀለኛ ነው ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ጣፋጭ መሆኑን ነው የደረስኩበት።»

ቀበሮ ስለ ኩሬው ነገር ማንም ሳያስብ ቀደመች። «ሰማችሁ? የጃንሆይን ዘመድ በላ! ዘመድ በጦር ሜዳ ይገደላል እንጂ ይበላል? የንጉሥ ሥጋ በጅብ ሆድ!»

አንበሳ ተነሣ። ጋማው ቆመ።

«ጅብ! የማንን ዘመድ ነው የበላኸው?»

«የእርስዎን፣ ጃንሆይ» አለ አያ ጅቦ በቅንነት። «ዘመድዎ እጅግ ይጣፍጣሉ።»

ዝንብ እንኳ ክንፏን ይዛ ቆመች። አንበሳ አፉን ከፈተ፤ ማንን እንደሚበላ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ያን ጊዜ እመት ኤሊ ቀስ እያለች መጥታ ከባሕር ይዛ እሾሁን የቆረጠችውን አንድ ዓሣ ከእግሩ ሥር አስቀመጠች።

«ጃንሆይ፣ ዘመድዎ ይህ ነው። ይመርምሩት።»

አንበሳ ጎንበስ አለ። አገላበጠው። «ጋማው የታለ?»

«ቆርጬዋለሁ።»

«ይህ... ይህ እኮ ዓሣ ነው!»

«ከመጀመሪያውም ዓሣ ነበር» አለች ኤሊ። «ክፉም አልነበረም። ብላ ስላሉት በላ። ቀበሮም ጭራ ስላሏት ጭራ አረባች። እኔም ሊቋ ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩ። አሁን ግን በቀቀን ዓሦቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እሱን የሚበላ ካልተገኘ እሱ ሁላችንንም ይበላናል።»

ማዕበሉ እንደገና ዋሻውን መታ። ከጣሪያው ትልቅ ድንጋይ ወርዶ ያቺን የቀኝ ወንበር ጨፈለቃት። አንበሳ ወንበሩን አየ፤ ዓሣውን አየ፤ ከዚያ ብድግ አድርጎ ጎረሰው። አላመጠ። ዓይኑ ተንከራተተ። እንስሳቱ ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ጅብ እውነቱን ነው» አለ አያ አንበሳ ጢሙን እየላሰ። «እጅግ ይጣፍጣል! ደግሞ አምጡልኝ!»

ሳቁ ዋሻውን ከማዕበሉ ይልቅ አናወጠው። አህያ እየተንፈራገጠች ወጥታ አዲሱን አዋጅ አናፋች፤ ከእንግዲህ ግዳይ የለም፣ ሹመት የለም፣ ጭራም የለም፤ ባለጋማውን የያዘ እዚያው ይብላው! ዳርቻው ሠርግ ቤት ሆነ። ነብሩ ያዘ፣ ከርከሮው ያዘ፣ ዘመዱን ሁሉ ጠርቶ መጣ፤ ከደጋ ሳይቀር ቁንጣን ይዞ የተመለሰ አለ። እሾሁን የምትቆርጠው እመት ቀበሮ እንድትሆን ተፈረደባት፤ በተወጋች ቁጥር መዳፏ ድፎ ዳቦ ያክላል። በቀቀን ዓሦቹም ከስንጥቃቸው አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ሙጃውን መጋጥ ጀመሩ። መርጃኑ ቀስ በቀስ ቀይና ቢጫ አወጣ።

ባለጋማው ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ጥልቁ ውስጥ ጥቂቶች ቀርተዋል። ስለዚህ እመት ኤሊ በየጠዋቱ ጠልቃ እያየች ትወጣለች፤ አያ ጅቦም ዳር ላይ ቆሞ ይጠይቃታል።

«ዛሬስ አለቁ?»

«አላለቁም።»

«ተመስገን!» ይልና የኤሊን ዓይን ሲያይ ይደነግጣል። «ኧረ እንዲያው ነው፣ እመት ኤሊ! ይለቁ፣ ይለቁ! እነሱ ሲያልቁ እኮ ያ የድሮው ዓሣ ሁሉ ይመለስልኛል። እኔስ ሆዴን አውቃለሁ፤ ከአንድ ዓይነት ወጥ መቶ ዓይነት ይሻለዋል።»

ከዚህ የምንማረው፣ እንግዳን በመልኩ ዘመድ ከማድረግ በፊት አበላሉን ማጥናት እንደሚገባ፣ ችግርም በእውነት እንዲጠፋ ከተፈለገ ችግሩ በኖረ ቁጥር ለሚሾም ሰው አደራ መስጠት እንደማይበጅ ነው።